ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲዘውሩት ወደ ፊት የሚሄደው ብስክሌት

ሩቅ መንገድ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቆዩ ብስክሌቶች አሠራር የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። በቅርቡ በአንድ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ኤግዚቢሽን ላይ ያየሁት የፈረንሳይ ብስክሌት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ቀለም የተቀባ ተራ የመንገድ ብስክሌት ነው፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ሰንሰለቱ እኔ በማውቀው መንገድ አልተዘረጋም። ከፔዳሉ ጥርሳማ ክብ ተነሥቶ ወደ ኋላው ጎማ ይሄድና እዚያ ያለውን አንዱን ጥርሳማ ክብ ዞሮ ይመለሳል፤ ነገር ግን ፔዳሉ ዘንድ ሳይደርስ በአንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ታጥፎ እንደገና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከመጀመሪያው ጎን ያለውን ሁለተኛ ጥርሳማ ክብ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞርና ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፔዳሉ የሚመለሰው። አስተናጋጁ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ ፔዳሉን በእጁ ወደ ፊት ሲዘውረው ጎማው ወደ ፊት ዞረ። ወደ ኋላ ሲዘውረው ጎማው አሁንም ወደ ፊት ዞረ፤ ነገር ግን ዝግ ብሎ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ እንዲያሳየኝ ለምኜዋለሁ።

በማብራሪያው ላይ ብስክሌቱ በሴንት ኤቲየን ከተማ የተሠራ ኢሮንዴል እንደሆነና አሠራሩም «ሬትሮ ዲሬክት» እንደሚባል ተጽፏል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ሰዎችስ በእውነት ፔዳል ወደ ኋላ እየረገጡ ዳገት ይወጡ ነበር ወይስ ለገበያ ማድመቂያ የተሠራ ነው? ሁለተኛ፣ በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ ሰንሰለት የሌለው በዘንግ የሚዞር፣ እንደገናም በክብ ፔዳል ፈንታ ከላይ ወደ ታች በሚረገጡ ማንሻዎች የሚሄድ ብስክሌት አይቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ጠፍተው ሰንሰለት ብቻውን የቀረው የእውነት ስለሚበልጣቸው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

ካቴና

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ እኔ ልመልስ፤ ከአንድ እንዲህ ካለ ብስክሌት ጋር ብዙ ቀን ስለዋልኩ አሠራሩን በሚገባ አውቀዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሥጢሩ ያለው ከኋላው ጎማ ላይ ባሉት ሁለት ጥርሳማ ክቦች ውስጥ ነው። ሁለቱም ፍሪዊል ናቸው፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው ወደ ፊት ሲዞሩ ጎማውን ይዘው ያዞሩታል፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ግን እየተንጣጡ በባዶ ይሽከረከራሉ። ሰንሰለቱ አንደኛውን በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛውን በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚዞር ሁለቱ ምንጊዜም እየተቃረኑ ነው የሚሽከረከሩት። ፔዳሉን ወደ ፊት ሲዘውሩ ትንሹ ክብ ጎማውን ይይዛል፣ ትልቁ በባዶ ይንጣጣል። ወደ ኋላ ሲዘውሩ ሥራቸውን ይለዋወጣሉ፤ ትልቁ ይይዛል፣ ትንሹ ይንጣጣል። ለምሳሌ የፊቱ ክብ 44 ጥርስ፣ የኋላዎቹ ደግሞ 16 እና 22 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሲዞር ጎማው 2.75 ጊዜ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ግን 2 ጊዜ ብቻ። ስለዚህ ነጂው ያለ ምንም ማንሻ፣ ያለ ምንም ሽቦ፣ የእግሩን አቅጣጫ በመለወጥ ብቻ ማርሽ ቀየረ ማለት ነው። የሚሰበርና የሚላላ ተንቀሳቃሽ መቀየሪያ የለበትም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ጥንቁቅ መፍትሔ በብስክሌት ታሪክ ውስጥ ያየሁ አይመስለኝም።

ሰዎች ይነዱት ነበር ወይ ላሉት፣ ዘመኑን ማሰብ ይጠቅማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተራው ብስክሌት አንድ ማርሽ ብቻ ነበረው። በዚያው በሴንት ኤቲየን የኖረውና ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ በተራራማ መንገድ ረጅም ጉዞ ለሚያደርግ ሰው ከአንድ በላይ ማርሽ እንደሚያስፈልገው እድሜውን ሙሉ ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። በሌላ በኩል የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያን ለተወዳዳሪ የማይገባ ድጋፍ አድርጎ ያየው ነበር፤ በውድድሩ ላይ ሰንሰለት የሚያሻግር መቀየሪያ የተፈቀደውም በ1937 ነው። እስከዚያ ድረስ ተወዳዳሪዎች የኋላውን ጎማ በግራና በቀኝ የተለያየ ጥርሳማ ክብ ያስሩለትና ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ ጎማውን ፈትተው፣ አገላብጠው ያስሩት ነበር። ይህን ካሰብን ከኮርቻ ሳይወርዱ እግርን ወደ ኋላ በማዞር ብቻ ዳገት መውጣት ለተራው ተጓዥ ትልቅ ጸጋ ነበር።

እንዲያውም መቀየሪያው ከተፈቀደ በኋላም ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጂኖ ባርታሊ በ1948 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ የተጠቀመበት የካምፓኞሎ ኩባንያ መቀየሪያ «ካምቢዮ ኮርሳ» በኋላው ጎማ በቀኝ በኩል ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ረጃጅም ማንሻዎች ነበሩት። ነጂው እየሄደ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአንደኛው ማንሻ የጎማውን እምብርት ያላላል፤ ከዚያ ፔዳሉን ወደ ኋላ እየዘወረ በሁለተኛው ማንሻ ሰንሰለቱን ወደሚፈልገው ጥርሳማ ክብ ይገፋዋል፤ ጎማው የተንጠለጠለበት ቦታ ጥርስ ስለተበጀለት በላዩ ላይ እየተንከባለለ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሽና የሰንሰለቱን ርዝመት ያስተካክላል፤ በመጨረሻም የመጀመሪያውን ማንሻ መልሶ ያጠብቃል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው በሚሮጥ ብስክሌት ላይ፣ የኋላው ጎማ ተላልቶ ነው።

የሬትሮ ዲሬክት ድካሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሰንሰለት መቀጣጠያ በታጠፈና በተቃና ቁጥር ትንሽ ጉልበት ይበላል፤ እዚህ ደግሞ ሰንሰለቱ ከተራው ብስክሌት በእጥፍ ያህል ጊዜ ይታጠፋል። ከዚህ በላይ፣ ማርሹ ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ልጨምርበት ቢሉ መንገድ የለውም። ስተርሚ አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1902 በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተደበቀ ባለ ሦስት ማርሽ ሥራ ካመጣ በኋላ፣ ቀጥሎም ሰንሰለት የሚያሻግሩት መቀየሪያዎች እየተሻሻሉ ሲሄዱ የሬትሮ ዲሬክት ቦታ ጠበበ።

ኤግዚቢሽኑ ገና ካልተዘጋ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ተመልሰው ሲሄዱ የሁለቱን ክቦች ጥርሶች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ብዙ የሠራ ጥርስ በአንድ ጎኑ ተበልቶ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ትልቁ ክብ ጥርሱ እንደ አዲስ ቀጥ ያለ ከሆነ ባለቤቱ ወደ ኋላ አልረገጠም ማለት ነው።

ባለ መፍቻ

ካቴና ያሉት ትክክል ነው። እኔ ስለ ዘንጉ ልናገር፤ ሠላሳ ዓመት ብስክሌት ስጠግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገጠመኝ፤ ያ አንድ ጊዜ ግን ብዙ አስተምሮኛል።

በ1890ዎቹ የነበረው ሰንሰለት ክፍት፣ ጭቃና አቧራ የሚጠጣ፣ ልብስ የሚይዝ ነበር። ስለዚህ ፈረንሳዮች «አካቴን»፣ ማለትም ሰንሰለት አልባ፣ ያሉትን ሠሩ፤ አሜሪካ ውስጥም የፖፕ ፋብሪካ በ1898 ኮሎምቢያ የተባለውን ብስክሌት ያለ ሰንሰለት ለገበያ አቀረበ። አሠራሩ መኪና ላይ ኮሮናና ፒኞን እንደምንላቸው ያለ ነው። ፔዳሉ ዘንድ ሁለት ሾጣጣ ማርሾች ተያይዘው መዞሩን ወደ ዘንግ ያስተላልፋሉ፤ ዘንጉ በቴላዮው (በብስክሌቱ የብረት አካል) ቱቦ ውስጥ አልፎ ከኋላ በሌሎች ሁለት ሾጣጣ ማርሾች ጎማውን ያዞራል። ሁሉም ነገር የተሸፈነ ነው፤ ንጹሕና ጸጥተኛ።

የእኔ ደንበኛ ያመጣው ብስክሌት ቆሞ ሲዘወር እንደ ሰዓት ይሄዳል። ሰው ተቀምጦበት በረጋ መንገድ ሲነዳውም ደህና ነው። ዳገት ላይ ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ሲረግጠው ግን «ጧ!» ብሎ ይዘላል። ማርሾቹን ፈትቼ አየኋቸው፤ አልተሰበሩም። ኩሽኔታዎቹን ቀየርኩ፤ አልተለወጠም። በመጨረሻ ልጄን ብስክሌቱ ላይ አቁሜ ፔዳሉን እንዲጫን አደረግሁና እኔ በባትሪ እያበራሁ የኋላውን ማርሽ ተመለከትሁ። ሲጫን ቴላዮው ጸጉር ታህል ይጣመማል፤ ሁለቱ ማርሾች ከጥርሳቸው ጫፍ ላይ ብቻ ይነካካሉ፤ ትንሽ ሲጨምር ይላቀቃሉ። ጥፋቱ የማርሹ አልነበረም። ማርሹ ቴላዮው ከሚችለው በላይ ጽናት እየጠየቀ ነበር።

ለምን እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 17 ሳንቲ ሜትር በሆነ የፔዳል ክንድ ላይ ቢቆም፣ ከመካከሉ እስከ ጥርሱ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የፊት ክብ ላይ ሰንሰለቱን የሚጎትተው 130 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። ይህን ደግሞ ብዙ ጥርሶች ይካፈሉታል። ሾጣጣው ማርሽ ግን ትንሽ መሆን አለበት፤ ከመካከሉ እስከ ጥርሱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ያው እግር 300 ኪሎ ያህል ሆኖ በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ሾጣጣ ማርሾች በባሕርያቸው አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ እንዳይለያዩ አጥብቆ የሚይዛቸው ነገር ይፈልጋሉ። ሰንሰለት ግን የሚጎትተው ብቻ ነው። ቴላዮው ትንሽ ቢጣመም፣ ጎማው ትንሽ ቢያዘነብል ችሎት ይሄዳል። ሲያረጅም በድንገት አይከዳም፤ እየረዘመ፣ እየጮኸ፣ አስቀድሞ ይናገራል።

ሌላው ጎማ ማውጣት ነው። ደንሎፕ በ1888 በአየር የሚነፋውን ጎማ ካመጣ በኋላ ካላማዳሪያ መለጠፍ የነጂው የዘወትር ሥራ ሆነ። ሰንሰለት ያለውን ብስክሌት ሁለት ዳዶ ፈትተው ያወጡታል። በዘንግ የሚሄደውን ግን መልሰው ሲያስሩት የማርሾቹን መገጣጠም እንደገና ማስተካከል አለብዎት፤ ይህ መንገድ ዳር የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሚዛን

የማንሻዎቹን ነገር ማንም ስላልነካው እኔ ልግባበት፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ ከብስክሌት አልፎ ስለ ሰው እግር የሚጠይቅ ነው።

በክብ የሚዞር ፔዳል ከላይና ከታች ሁለት ቦታ ላይ የእግር ጭነት ምንም ጉልበት አይሰጥም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች ይህ እጅግ ያሳስባቸው ነበር። እግር ወደ ታች ብቻ ቢገፋ፣ ግፊቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጎማውን ቢያዞር ሁሉም ድካም ሥራ ይሆናል ብለው አሰቡ። ጆርጅ ፕሬሲ በ1880 የባለቤትነት መብት ያወጣበትና በኒው ጀርሲ፣ ስሚዝቪል ውስጥ የተመረተው «ስታር» የተባለው ብስክሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ባለ ትልቅ ጎማ ብስክሌት ትልቁን ጎማ ከፊት ስለሚያደርግ አንድ ድንጋይ ሲመታ ነጂውን በግንባሩ ይደፋው ነበር። ስታር ትንሹን ጎማ ወደ ፊት አመጣና ይህን አስቀረ፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መገልበጥ ግን አዲሱ ስጋት ሆነ። ማንሻው ሲረገጥ በኋላው ጎማ እምብርት ላይ የተጠመጠመ የቆዳ ጠፍር ይስባል፤ እግር ሲነሣ ሞላ ጠፍሩን መልሶ ይጠመጥመዋል። ሁለቱ ማንሻዎች ስለማይያያዙ ነጂው ከፈለገ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መርገጥ ይችል ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ አንድ ነጂ በዚህ ብስክሌት የአሜሪካን ምክር ቤት ደረጃዎች ሲወርድ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከዛሬ አለ።

ስዊድናውያኑ ወንድማማቾች ቢርየርና ፍሬድሪክ ዩንግስትሮምም በ1892 ገደማ «ስቬያ» የተባለ በማንሻ የሚሄድ ብስክሌት ሠርተው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ ገንዘብ አውጥቶላቸዋል። ፍሬድሪክ ከጊዜ በኋላ በእንፋሎት ተርባይን ሥራው ዓለም ያወቀው መሐንዲስ ሆነ። እነዚህን ሰዎች ያልበሰለ ሐሳብ የያዙ አድርጎ ማየት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን አጓደለ? የአንድ ሰው እግር ከታፋው እስከ ጫማው የሰውነቱን ክብደት ስድስተኛ ያህል ይመዝናል። 70 ኪሎ የሆነ ሰው በእያንዳንዱ ጎን ከ11 ኪሎ በላይ የሆነ እግር ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ማንሻ ሲረግጥ ይህ ክብደት በእያንዳንዱ ርግጫ መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ መቆም፣ ከዚያም አቅጣጫ ለውጦ እንደገና መነሣት አለበት፤ የሚያቆመውም የሚያስነሣውም የነጂው ጡንቻ ነው። በክብ ፔዳል ላይ ግን እግር ከቶ አይቆምም፤ የሚወርደው የሚወጣውን እያነሣ፣ አቅጣጫውን ቀስ በቀስ እየለወጠ ይዞራል። ጉልበት የማይሰጡት ሁለቱ ቦታዎችም ብስክሌቱ በያዘው ግስጋሴ ሳይታወቁ ይታለፋሉ። መሐንዲሶቹ ያሳሰባቸው ጉድለት ትንሽ ነበር፤ እሱን ለማስወገድ የከፈሉት ዋጋ ግን ትልቅ።

ክርክሩ ሌላ መልክ ይዞ ዛሬም አለ። የጃፓኑ ኩባንያ ሺማኖ በ1983 «ባዮፔስ» ብሎ ሞላላ የፊት ክብ ሲያወጣ፣ ከቀደምት ሞላላዎች በተቃራኒ፣ እግር በብርቱ በሚገፋበት ቦታ ላይ ክቡ ጠበብ እንዲል አድርጎ ነበር፤ ሐሳቡ የእግርን ግስጋሴ መጠቀምና የጉልበት መገጣጠሚያን ከጫና ማሳረፍ ነው። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ቀረ። በ2012 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ብራድሊ ዊጊንስ ደግሞ የተጠቀመው ሰፊው ጎኑ በብርቱ ግፊት ቦታ ላይ በሚውል ሞላላ ክብ ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ፍጹም ተቃራኒ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በሚገባ በሚያስቡ ሰዎች የተሠሩ ናቸው።

ሩቅ መንገድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ ባለ መፍቻ ያመጡት ስሌት በተለይ ዓይኔን ከፍቶልኛል። ነገር ግን እስካሁን የተባለው ሁሉ ሰንሰለት በራሱ ብቃት እንዳሸነፈ የሚናገር ነው። በሕግ ወይም በልማድ ተገፍቶ የቀረ፣ ግን በእውነት የሚበልጥ ንድፍ አልነበረም?

ዘንበል ባይ

ነበር፤ እኔም ዕለት ተዕለት የምነዳው እሱን ነው። ጀርባን ደግፈው፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱትን ብስክሌት ማለቴ ነው።

ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ በመጀመሪያ በፔዳል የሚሄድ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ነበር የሚሠራው፤ ኋላ ላይ እሱን ለሁለት የከፈለው ያህል ባለ ሁለት ጎማ ሠራ። ፍራንሲስ ፎር የተባለ፣ ከታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ተርታ የማይቆጠር ነጂ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 7 ቀን 1933 ፓሪስ ውስጥ በዚህ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ። ኦስካር ኤግ በ1914 ያስመዘገበው 44.247 ኪሎ ሜትር ለ19 ዓመት ሳይሰበር ቆይቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ምን አደረገ? በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1934፣ ብስክሌት ምን እንደሆነ አዲስ ልክ አወጣ፤ ኮርቻና ፔዳል ሊኖራቸው የሚገባውን ርቀት ወሰነ፤ የፎር ክብረ ወሰንም ከመዝገቡ ውጭ ሆነ። ፎር በ1939 አየር በሚከፍል ሽፋን የተከበበ ተመሳሳይ ብስክሌት ይዞ በአንድ ሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ።

ነገሩ የጉልበት ብልጫ አይደለም፤ የአየር ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚሄድ ነጂ ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያጠፋው አየርን ለመግፋት ነው፤ የተንጋለለ ሰው ደግሞ ለነፋስ የሚሰጠው ፊት አነስተኛ ነው። በውድድር ላይ የማይፈቀድ ብስክሌት በመጽሔት አይታይም፣ ወጣቶች አይመኙትም፣ ፋብሪካም አያመርተውም። ያው ነገር ከስልሳ ዓመት በኋላ ተደግሟል። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ያወጣውን ኩሽኔታ ፔዳሉ ላይ ገጥሞ፣ እጆቹን ደረቱ ሥር አጥፎ በሚነዳው ብስክሌት ሐምሌ 17 ቀን 1993 ሐማር፣ ኖርዌይ ውስጥ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ አነዳድ ተከለከለ። እኔ ይህን ስናገር ቅር ይለኛል፤ ብስክሌት የሚባለውን ነገር ከኮሚቴ ይልቅ መንገዱ ቢወስነው እመርጣለሁ።

ባለ መፍቻ

ወንድሜ ዘንበል ባይ፣ ስለ 1934ቱ ውሳኔ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ የሕጉ አይደለም። የእርስዎን ዓይነት ብስክሌቶች ጠግኜአለሁ። ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነሥቶ በክብደት መርገጥ አይቻልም። ከቆመበት ሲነሣ ሚዛኑን ለመያዝ ልምድ ይጠይቃል። ነጂው ዝቅ ስለሚል መኪና ነጂ ቶሎ አያየውም። ሰንሰለቱም የተራው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚረዝም እንዳይወዛወዝ መሪ ተሽከርካሪዎች ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ተወዳዳሪ የለውም፤ እቀበላለሁ። መንገድ ሁሉ ግን ሜዳ አይደለም።

ዘንበል ባይ

ዳገቱን አልክድም፤ ዳገት ላይ ቀስ ብዬ ነው የምወጣው። ነገር ግን ለተራው ብስክሌት መቀየሪያውን፣ ኩሽኔታውንና ቴላዮውን ለማሻሻል ከመቶ ዓመት በላይ የፋብሪካ ገንዘብ ፈሶለታል፤ ለእኛው ያ ዕድል አልተሰጠውም።

ካቴና

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ጠያቂው «ሰንሰለት በብቃቱ አሸነፈ ወይ?» ስላሉ። በ1999 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ስፓይሰር የመሩት ጥናት የብስክሌት ሰንሰለት ከተቀበለው ጉልበት እስከ 98.6 ከመቶ የሚሆነውን እንደሚያስተላልፍ ለክቷል። ክቦቹ ሲተልቁና ሰንሰለቱ ሲወጠር ብክነቱ ይቀንሳል። ቅባት ግን፣ ቢያንስ በንጹሕ የላቦራቶሪ ሁኔታ፣ ብዙም ለውጥ አላመጣም፤ ይህ እኔንም አስገርሞኛል። ስለዚህ በጉልበት በኩል ከሰንሰለት የሚበልጥ ነገር ለመሥራት የቀረው ቦታ ከሁለት ከመቶ ያነሰ ነው።

ያልተለመዱት ሥራዎች የሚመለሱት በሌላ በር ነው፤ በንጽሕናና በዕድሜ። ዛሬ በካርቦን ክር የተጠናከረ ጥርሳማ ቺንጊያ ዘይት ሳይፈልግ፣ ሳይዝግ ይሠራል፤ ተቆርጦ ስለማይቀጠል ግን ቴላዮው ራሱ የሚከፈትበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ፒኒዮን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ደግሞ ባለ 18 ማርሽ ካምቢዮ ፔዳሉ ያለበት ቦታ ላይ በዘይት ውስጥ አሽጎ አስቀምጦታል። ሃንጋሪዎች በ2010 ያወጡት «ስትሪንግባይክ» ደግሞ በሰንሰለት ፈንታ በግራና በቀኝ በገመድ የሚሳብ ነው፤ ሚዛን ስለ ስታር ጠፍር የጻፉትን ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሚዛን

ካቴና ስለ ጥርሶቹ የሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። የግራው ፔዳል ብሎን በግራ የሚጠብቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱ ፔዳል ወደ ፊት ሲዞር የእግር ጭነት የፔዳሉን እምብርት በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያንከባልለው ነው፤ ብሎኑ በዚያ አቅጣጫ እንዲጠብቅ ተደርጎ ተቆረጠ። በብርቱ ጭነት ወደ ኋላ ሲረገጥ ግን ይህ መንከባለል ይገለበጣል፤ ፔዳሉን ወደ ማላላት ያዘነብላል። ሩቅ መንገድ፣ ተመልሰው ሲሄዱ ፔዳሎቹ ከክንዱ ጋር የተያያዙበትንም ይመልከቱ። አጥብቆ የነዳው ሰው ከነበረ አንድ ዘዴ ሳይፈልግለት አልቀረም።

ሩቅ መንገድ

ኤግዚቢሽኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ተመልሼ ሄጃለሁ። አስተናጋጁ አስታውሶኝ ስለነበር ገመዱን አልፌ እንድንበረከክ ፈቀደልኝ፤ በስልኬ መብራት እያበራሁ ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ።

የትንሹ ክብ ጥርሶች ጎብጠዋል። የትልቁ ክብ ጥርሶችም ጎብጠዋል፤ ከትንሹ ባይብሱም አያንሱም፤ በጣቴ ስዳስሳቸው አንዱ ጎናቸው ለስላሳ ጉድጓድ ሆኗል። ሰንሰለቱ የሚታጠፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ ጥርሶቿ ከመሳሳታቸው የተነሣ እንደ መርፌ ሆነዋል። ፔዳሎቹን በተመለከተ ሚዛን ያሉትን ይዤ የክንዶቹን የውስጥ ጎን አየሁ። የእያንዳንዱ ፔዳል ብሎን ጫፍ ከክንዱ ትንሽ ወጣ ብሎ በቡንጥ (በመዶሻ በሚመታ ሹል ብረት) ተመትቶ ጠርዙ ተደፍጥጧል፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ አራት የቡንጥ ምልክት ቆጥሬአለሁ። የፋብሪካ ሥራ አይመስልም፤ ርቀታቸው እኩል አይደለም፤ አንደኛው ብሎኑን ስቶ ክንዱን መትቷል።